ሩቅ ከመለጋት በፊት፦ ለሰፈር የገና ተጫዋች የስድስት ሳምንት መመሪያ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ልደት ስድስት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። በይፋት ቆላ ይህ ወቅት ማሽላው የሚታጨድበት፣ ጤፉ የሚወቃበት፣ ማሳው ከእህል የሚለቀቅበት ነው። ለገና ጨዋታም ከዚህ የተሻለ መዘጋጃ ጊዜ አይገኝም። አብዛኛው ሰው ግን ዱላው ትዝ የሚለው በበዓሉ ዋዜማ ነው። በማግሥቱ ሜዳ ወርዶ ሁለት ሦስቴ መሬት ይገጫል፣ አንዴ የባልንጀራውን ቅልጥም ያገኛል፣ ከዚያ "ዘንድሮ አልሆነልኝም" ብሎ ዱላውን ይጥላል።

ይህ መመሪያ ለእንዲህ ያለው ተጫዋች የተጻፈ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬና ካራቆሬ ባለው ሜዳ፣ ያለ አሠልጣኝና ያለ ውድ ዕቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት እየተለማመደ ጨዋታውን ማሻሻል ለሚፈልግ ሰው።

በዱላ ኳስ መምታት የብዙ አገር ጨዋታ ነው። ሕንድና ፓኪስታን በሆኪ ስማቸው ገንኗል፤ ስኮትላንድ ጎልፍን ለዓለም አስተዋውቃለች፤ አዲስ አበባም የጎልፍ ክለብ አላት። ለአጣዬ ልጅ የጎልፍ መምቻና ሜዳ ሩቅ ቢሆኑበትም፣ ጎልፈኞች ከሚያውቁት አንዱን ቁም ነገር መዋስ ይችላል። ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ብዙ ጊዜ በ72 ምት እንዲያልቅ ተደርጎ ይሰናዳል። ከ72ቱ ውስጥ 36ቱ፣ ማለትም በየጉድጓዱ ሁለት ሁለቱ፣ ኳሷን ከጉድጓዱ አጠገብ በቀስታ ለመግፋት የተመደቡ ናቸው። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለረጅሙ ምት ቢሆንም፣ የጨዋታው እኩሌታ ያለው በአጭሩ ላይ ነው።

ገናም እንዲሁ ነው። ሁሉም ጥንጉን፣ ማለትም የገናውን ኳስ፣ እንደ ጥይት አርቆ መለጋት ይመኛል። ጨዋታውን የሚያሸንፈው ግን ጥንጉን ከዱላው ያላራቀ፣ የመጣለትን ማቆም የሚያውቅ፣ ለባልንጀራው በልኩ የሚያቀብል ነው። ስለዚህ ልምምዱ ከአጭሩ ጀምሮ ወደ ረጅሙ ይሄዳል።

1. ዱላውን በቁመትዎ ልክ ይምረጡ

ዱላው ቀጥ ብሎ ሲቆም እምብርትዎ አካባቢ ቢደርስ ይበቃል። ከዚያ የረዘመ ለሩጫ ያስቸግራል፤ በጣም ያጠረ ደግሞ ወገብ ያጎብጣል። ጉልበትዎን ጥቂት ሸብረክ አድርገው ሲቆሙ የቆልማማው ጫፍ ሆድ መሬቱን በሙሉ መንካት አለበት። መሬት የሚነካው ተረከዙ ብቻ ከሆነ ዱላው ረዝሞብዎታል፤ አፉ ብቻ ከሆነ አጥሮብዎታል።

ወይራም ክትክታም ለዱላ የታወቁ እንጨቶች ናቸው። ዋናው ነገር ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ወይም ሥር ማግኘት ነው። በቀጥታ የተቆረጠ እንጨት በሚስማር ቢቀጠል ሁለተኛው ምት ላይ ይለያያል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሚስማሩ ሰው ላይ መብረሩ ነው። ጥሩ ቅርጽ ካጡ፣ እርጥቡን እንጨት በረመጥ ለብ አድርገው ቀስ ብለው ያጉብጡት፣ በገመድም አስረው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ልጡን ልጠው ጥላ ሥር ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ቅባት ይቀቡት። መያዣውን በጨርቅ ወይም በአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቢጠመጥሙት ላብ አያንሸራትተውም። ዱላው እስኪደርቅ በአሮጌ ወይም በተውሶ ዱላ ይለማመዱ። ደግሞም ዛፉን ከመቁረጥዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

2. ሁለት ዓይነት ጥንግ ያዘጋጁ

ለበዓሉ ጨዋታ ከእንጨት የተጠረበ ወይም ከጠፍር የተጎነጎነ ጥንግ የተለመደ ነው፤ ሩር የሚሉትም አሉ። ለልምምድ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ጠንክሮ የተሰፋ ይሻላል። ቢመታ አይጎዳም፣ ሩቅ ስለማይሄድም አጭሩን ንክኪ ያስተምራል።

ለዋናው ጥንግ ክብደት መነሻ የሚፈልግ ሰው የሆኪን ልክ ማየት ይችላል። የሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ትመዝናለች፣ ዙሪያዋም ከ22 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጎልፍ ኳስ ግን ከ46 ግራም አትበልጥም። ጥንግዎን ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ይዩት። ከሆኪዋ እጅግ ከከበደ ለጥርስና ለዓይን አደገኛ ነው፤ በጣም ከቀለለ ደግሞ ባልተስተካከለ መሬት ላይ እየነጠረ ያስቸግራል።

3. ሜዳውን በእግርዎ ይፈትሹ

አዝመራ የተነሣለት ማሳ ከሩቅ ሲያዩት ለጥ ያለ ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት የማሽላ አገዳ ጉቶ ሹል ሆኖ ቆሞበታል፣ ጥቁሩ ዋልካ መሬት እግር እስኪውጥ ድረስ ተሰነጣጥቋል፣ ከዳሩ የወደቀ የግራር እሾህም አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ልምምድ ሳይሆን ጽዳት ነው። ጓደኞችዎን ይሰብስቡ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ከዳር እስከ ዳር ሂዱ፣ ጉቶ ንቀሉ፣ ድንጋይ ልቀሙ፣ ስንጥቁን በአፈር ሙሉ።

ለግል ልምምድ 40 እርምጃ በ20 እርምጃ ይበቃል። ወሰኑን በአመድ ያስምሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚወስደው አስፋልት ራቅ ያለ ቦታ ይምረጡ፤ ጥንጉን እያየ የሚሮጥ ልጅ መኪና አያይም። ባዶ እግር አይጫወቱ፤ ሸራ ጫማ ይበቃል። የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚያስሩትን የቅልጥም መከላከያ ካገኙ ይልበሱት፤ ካጡ ወፍራም ካርቶን በካልሲ ውስጥ ማድረግ ከምንም ይሻላል።

4. አያያዝና አቋቋም

ለቀኝ ሰው ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች ይሆናል። ለአጭር ንክኪና ጥንግ ይዞ ለመሄድ ሁለቱ እጆች ይራራቁ፤ ቀኙ ወደ ዱላው መካከል ይውረድ። ለረጅም ምት ደግሞ ሁለቱ እጆች ከላይ ይቀራረቡ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ለሁሉም አንድ አያያዝ ይጠቀማል፤ ለመለጋት የተመቸው እጅ ለመግፋት አይመቸውም።

ዱላውን አንቆ መያዝ ክንድን ያደርቃል። ላላ ባለ እጅ ይያዙት፣ ጥንጉን ሲነካ ብቻ ይጠንክር። እግርዎ በትከሻ ስፋት ይከፈት፣ ጉልበት ይሸብረክ፣ ወገብ ከመጉበጥ ይልቅ ከዳሌ ይታጠፍ። ግራ ትከሻዎ መሄጃውን ይይ።

5. የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት፦ አጭር ንክኪ

ሁለት ድንጋይ በአንድ እርምጃ ርቀት አስቀምጠው በር ይሥሩ። ከበሩ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙ። የጨርቁን ጥንግ ከቀኝ እግርዎ ፊት ያድርጉ። የዱላውን ቆልማማ ጫፍ ከጥንጉ ጀርባ አስጠግተው ሳይመቱት ይግፉት፤ ክብደትዎ ከቀኝ እግር ወደ ግራ ሲሻገር ጥንጉ ከዱላው ጋር ጥቂት ሄዶ ይለቃል። ድምፅ ካሰማ መትተውታል ማለት ነው፤ ትክክለኛ ግፊት ድምፅ የለውም።

ከ10 ግፊት ስምንቱ በበሩ ሲያልፉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ። ከስምንት በታች ከሆነ እዚያው ይቆዩ። ርቀት መጨመር የሚፈቀደው ውጤት ሲፈቅድ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይንዎ በሩ ላይ ሳይሆን ጥንጉ ላይ ይሁን። አንገቱን ቀና አድርጎ መድረሻውን ለማየት የቸኮለ ሰው ትከሻው አብሮ ይነሣል፣ ዱላው መሬቱን ይገጫል፣ አቧራ ይጨሳል፣ ጥንጉም ሁለት ክንድ ተንከባሎ ይቆማል። ጎልፈኛም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጥንጉን ይዞ መሄድን ይለማመዱ። ስድስት ድንጋይ በሁለት ሁለት እርምጃ በሰልፍ ይደርድሩና በመካከላቸው እየተጠማዘዙ ጥንጉን በአጫጭር ንክኪ ያሳልፉ። ጥንጉ ከዱላው ከአንድ ክንድ በላይ ከራቀ ተነጥቀዋል ብለው ይቁጠሩና ከመጀመሪያው ይጀምሩ። በመጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ በሩጫ።

6. ሦስተኛው ሳምንት፦ የመጣውን ማቆም

የጎልፍ ኳስ ቆማ ትጠብቃለች፤ ጥንግ ግን እየሮጠ ይመጣል፣ ከኋላው ደግሞ አምስት ሰው ይከተለዋል። ስለዚህ ማቆም የማይችል ተጫዋች መለጋት ቢያውቅም ዕድሉን አያገኝም።

ጓደኛዎ ከ10 እርምጃ ጥንጉን ይግፋልዎት። ከፊት ለፊቱ ይቁሙ፤ ከጎን ሆነው ዱላ አይዘርጉ። የዱላው ቆልማማ ጫፍ መሬት ነክቶ፣ መያዣው ጥቂት ወደ ፊት ያዘንብል፤ እንዲህ ሲሆን ጥንጉ ወደ ላይ ዘሎ ፊትዎን አያገኝም። ጥንጉ ሲደርስ ዱላውን ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ያፈግፍጉ። የደነደነ እጅ ጥንጉን ይመልሰዋል፣ የለዘበ እጅ ይቀበለዋል። ሲቆም እግርዎ ሥር መሆን የለበትም፤ ለቀጣዩ ንክኪ ከቀኝ እግርዎ ፊት አንድ ክንድ ያህል ይራቅ።

ከዚያ ሁለቱን ያገናኙ፦ ያቁሙ፣ ቀና ይበሉ፣ ይግፉ። ቀና ብሎ ማየት የሚፈቀደው እዚህ፣ ከመግፋት በፊት ነው። ለሦስት ሰዎች ደግሞ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ መቀባበል ይበቃል፤ አንድ ሰው ከሁለት ንክኪ በላይ አይጠቀም።

7. አራተኛው ሳምንት፦ አሁን ይለጉ

አጭሩ እጅ ሲገባ ረጅሙ ግማሹ ተሠርቷል። እጆችዎን ያቀራርቡ። ግራ እግርዎ ከጥንጉ ጎን፣ ጥንጉም ከግራ ተረከዝዎ ትይዩ ይሁን። ዱላውን እስከ ወገብ፣ ቢበዛ እስከ ብብት ያንሡ፤ ከትከሻ በላይ ማንሣት አደጋ ይጨምራል። ክብደትዎ በቀኝ እግር ይጀምር፣ ዱላው ሲወርድ ወደ ግራ ይሻገር። ጉልበቱ የሚመጣው ከክንድ ብቻ ሳይሆን ከእግር ተነሥቶ በዳሌ አልፎ ነው። ከምቱ በኋላ ዱላው ወደ መሄጃው ይቀጥል፣ ግን ከወገብ በላይ እንዳይወጣ ይያዙት።

ከሙሉ ጉልበትዎ በግማሹ ይጀምሩ። በግማሽ ጉልበት መሐሉን አግኝተው የለጉት ጥንግ በሙሉ ጉልበት ጫፉን ካገኙት ይርቃል። ከ20 እርምጃ አራት እርምጃ ስፋት ባለው በር ከ10 ስድስቱን ማሳለፍ ሲችሉ ጉልበት ይጨምሩ። በዚህ ሳምንት ከፊትዎና ጥንጉ በሚሄድበት በኩል ሰው አይኑር፤ ተራ ጠባቂ ከጀርባዎ ራቅ ብሎ ይቁም።

8. አምስተኛው ሳምንት፦ ሜዳውን መክፈል

የሰፈር ገና ትልቁ ችግር ሁሉም ጥንጉ ወዳለበት መጉረፉ ነው። ሃያ ሰው አንድ ጥንግ ላይ ሲረባረብ የሚለጋው ቅልጥም ነው። ቡድናችሁን በሦስት ክፈሉ፦ ወሰን የሚጠብቁ፣ መሐል የሚያገናኙ፣ ፊት የሚጠብቁ። ፊተኞቹ ጥንጉ ወደ ራሳቸው ወሰን ሲሄድ ተከትለው አይመለሱ። ለልምምድ አምስት ለአምስት ሆናችሁ፣ ከሁለት ሰው በላይ ጥንጉን የከበበ ቡድን እንዲያስረክብ የሚል ደንብ አውጡ። ሰው ወዲያው መበታተን ይማራል።

ጮኾ መጣራትም ይለመዳል፦ "ግራህን!"፣ "ብቻህን ነህ!"፣ "ኋላህ ሰው አለ!" ጥንግ የያዘ ሰው ወደ ታች ነው የሚያየው፤ ዓይኑ ባልንጀራው ነው።

9. ጾሙን፣ ሙቀቱንና ትንኙን ይወቁ

አጣዬ ከደብረ ብርሃን ደጋ በብዙ ዝቅ ያለች ቆላ ናት፤ በታኅሣሥም ቢሆን ቀትር ላይ ፀሐዩ ይከብዳል። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይለማመዱ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ባዶ ሆድ አይሩጥ፤ ንፍሮም ሆነ እንጀራ በሽሮ ቀመስ አድርጎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይውጣ። ጠዋት ብቻ የሚመቸው ከሆነ ሩጫውን ትቶ ግፊትና ማቆም ይሥራ፤ እነርሱ ጉልበት አይጠይቁም።

ኅዳር በቆላው የወባ ወቅት ያልለቀቀበት ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ይበተኑ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው "ልምምዱ ነው ያደከመኝ" ሳይል ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ይመርመር።

10. ስድስተኛው ሳምንት፦ ማቅለልና መስማማት

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ነገር አይጀመርም። ሁለት ቀን አጭር ግጥሚያ፣ አንድ ቀን የማቆም ልምምድ፣ ከበዓሉ በፊት ሁለት ቀን ዕረፍት። ልደት በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው፣ እንደ 2016 ዓ.ም. ማለት ነው። ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ስለሆነ በዚያ ዓመት ቆጠራችሁን አንድ ቀን ቀደም አድርጉት።

የዚህ ሳምንት ዋና ሥራ ግን ከተጋጣሚው ሰፈር ጋር መነጋገር ነው። በ1744 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ሊዝ የተሰበሰቡ ጎልፈኞች ለአንድ ውድድር ብለው 13 ደንብ በወረቀት አሰፈሩ፤ እስከ ዛሬ የታወቀው የመጀመሪያው የጎልፍ ደንብ ያ ነው። በአገራችን በባህል ስፖርት ውድድሮች ገና በተጻፈ ደንብና በዳኛ ይካሄዳል። የሰፈር ጨዋታም አንድ ገጽ አያቅተውም። ቢያንስ እነዚህን ስድስት ነገሮች ተስማሙ፦

ሀ. ወሰኑ የት ነው? በአመድ ይሰመር።
ለ. ከየወገኑ ስንት ሰው ይገባል? እኩል ይሁን።
ሐ. ዱላ ከትከሻ በላይ ያነሣ ምን ይሆናል? ጥንጉ ለተጋጣሚ ይሰጥ፣ ሲደግም ይውጣ።
መ. ጥንግ በእጅ የነካ ወይም ረግጦ የያዘ? ይህም ለተጋጣሚ።
ሠ. ዳኛው ማን ነው? ሁለቱም ሰፈር የሚያከብሩት ትልቅ ሰው ቢሆን ክርክር ያጥራል።
ረ. ሕፃናትና ተመልካች የት ይቆማሉ? ከወሰኑ 10 እርምጃ ወደ ኋላ።

በገና ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም ሲባል የኖረው ሜዳው ሁሉን እኩል ስለሚያደርግ ነው። ያ ነጻነት ግን ቂም ለመወጣት አይደለም። በሌላ ቀን የተጣላ ሰው ካለ፣ ዱላ ከመያዙ በፊት ሽማግሌ ያስታርቀው፤ ካልታረቀ በዚያ ዓመት ተመልካች ይሁን። ለተሸናፊ የሚዘፈነውም ስድብና ዘለፋ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ሁሉም ስቆ የሚመለስበት ቀልድ እንዲሆን የቡድን አለቆች አስቀድመው ይነጋገሩ።

ሰው ቢጎዳስ? ደም የሚፈስበትን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ይያዙት፤ ቡናም አመድም አይነስንሱበት። ያበጠ ቦታ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ያድርጉ። ራሱን ተመትቶ ያስመለሰው፣ የደነዘዘው ወይም ራሱን የሳተ፣ ዓይኑንም የተመታ ሰው ጨዋታው ቢጥምም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ "ትንሽ ልረፍና እመለሳለሁ" የሚል አይሰማ።

በመጨረሻ ለወጣት ማኅበራት፣ ለትምህርት ቤቶችና ለቀበሌ ሹማምንት አንድ ጥያቄ፦ ጨዋታው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ከታሰበ ሁልጊዜ የጀማሪ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጠፍ መሬት ከልሉለት፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ቅዳሜ ቅዳሜን ስጡት፣ ሴት ልጆችም ዱላ ይያዙ። እርስዎም አንባቢ፣ ሌላውን ሁሉ ከመጠበቅዎ በፊት ሁለት ድንጋይ ይፈልጉ፣ በአንድ እርምጃ ያራርቋቸው፣ ከዛሬ ጀምረው በመካከላቸው ይግፉ።